ቸርኬ በተለወጠ ጊዜ ስለሚበራው መብራትና ስለ ሻጩ ኀላፊነት

የጎማና የቸርኬ ንግድ በአዲስ አበባ ከተማ ካሉት የንግድ ዘርፎች መካከል ብዙ እጅ የሚያልፍበት አንዱ ነው። አስመጪው ያመጣል፤ አከፋፋዩ ያከፋፍላል፤ በሶማሌ ተራና በየሰፈሩ ያለው ቸርቻሪ ይሸጣል፤ ጎሚስታው ያወልቃል፣ ይገጥማል፤ በመጨረሻም ባለመኪናው ገንዘቡን ከፍሎ ይሄዳል። ይህን ያህል እጅ የነካው ዕቃ ጉድለት ባሳየ ጊዜ ግን ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ ለይቶ ለማወቅ ያስቸግራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህን ችግር ጎልቶ እንዲታይ ያደረገ አንድ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ይኸውም በጎማው ውስጥ ተቀምጦ የነፋሱን መጠን ለመኪናው የሚነግረው ሴንሰር ነው።

አዘውትሮ የሚደርሰው ነገር እንዲህ ያለ ነው። አንድ ባለመኪና የመኪናውን አራት ቸርኬዎች ከነጎማቸው በሌላ ይለውጣል። ቸርኬዎቹ ያማሩ ናቸው፤ ጎማዎቹ አዲስ ናቸው፤ ነፋሱም በሚገባ ተሞልቷል። ነገር ግን መኪናው ጥቂት እንደ ተጓዘ በዳሽቦርዱ ላይ የጎማ ቅርጽ ያለው፣ በመካከሉም ቃለ አጋኖ የቆመበት ብጫ መብራት ይበራል። ባለመኪናው ወደ ጎሚስታው ይመለሳል። ጎሚስታው ነፋሱን ለክቶ «ጋሼ፣ ጎማው ደኅና ነው፤ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያሳዩት» ይለዋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደግሞ «ሽቦው ደኅና ነው፤ ቸርኬውን የሸጠልዎትን ይጠይቁ» ሲል ይመልስለታል። ሻጩም በበኩሉ «እኔ ቸርኬ ሸጥሁ እንጂ መብራት አልሸጥሁም» ይላል። ሦስቱም እውነት የተናገሩ ይመስላቸዋል። ባለመኪናው ግን ሥራውን ፈትቶ ሲመላለስ ሰንብቶ፣ ምናልባትም ለሁለት ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ መብራቱ እንደ በራ ወደ ቤቱ ይገባል።

የዚህ ሁሉ ድካም ምክንያት ከመኪናው ይልቅ በንግዱ አሠራር ውስጥ የሚገኝ ነው። ሴንሰሩ በቸርኬው ላይ የሚታሰር ዕቃ ሆኖ ሳለ በሽያጩ ጊዜ ስሙ አይነሣም፤ በደረሰኙም ላይ አይጻፍም። ስሙ ያልተነሣ ዕቃ ደግሞ ባለቤት አይኖረውም። ስለዚህ ለቸርኬውና ለመግጠሙ ገንዘብ የተቀበለ ነጋዴ ለሴንሰሩም መልስ የሚሰጥ መሆን አለበት፤ ይህም በቃል ብቻ እንዳይቀር በደረሰኙ ላይ ተጽፎ ሊሰጥ ይገባል።

ሴንሰሩ እንዴት በሕግ የታዘዘ ዕቃ ለመሆን እንደ በቃ ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 ፋየርስቶን የተባለው የጎማ ኩባንያ፣ በአብዛኛው በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪናዎች ላይ የተገጠሙ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎች እንዲመለሱ አደረገ። የጎማዎቹ መርገጫ በጉዞ ላይ ሳሉ እየተገነጠለ መኪናዎች ይገለበጡ ነበር፤ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ከ270 በላይ ሞት መዘገበ። ለዚያ መኪና የታዘዘው የነፋስ መጠን 26 ፒ.ኤስ.አይ. ብቻ መሆኑም በሁለቱ ኩባንያዎች መካከል ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር አንድ ሕግ ወጣ፤ ከሴፕቴምበር 2007 ጀምሮም በአሜሪካ ለሽያጭ የሚቀርብ አዲስ ቀላል መኪና ሁሉ፣ የጎማው ነፋስ ከታዘዘው በሩብ በቀነሰ ጊዜ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረትም በኖቬምበር 2014 በአዲስ መኪናዎች ሁሉ ላይ ይህንኑ አዘዘ። ቻይና ደግሞ ከ2019 እስከ 2020 ባለው ጊዜ በሚያመርታቸው የቤት መኪናዎች ላይ ግዴታ አደረገችው። እንግዲህ ከነዚህ ገበያዎች የሚመጣልን መኪና፣ አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ይህን መሣሪያ ይዞ የሚመጣ መሆኑን ነጋዴው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ነፋሱ የጎደለ ጎማ በዝግታ በከተማ ውስጥ ሲሄድ ጉዳቱ ብዙም አይታይም። በፍጥነት ሲሄድ ግን የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ከልክ በላይ ስለሚታጠፍ ይግላል፤ ሙቀቱም ጎማውን ከውስጥ ያፈራርሰዋል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ፣ ከዚያም አልፎ በአዋሽና በአፋር ቆላ ወደ ጅቡቲ በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ የሚሄድ ሰው ይህ ነገር በቀጥታ ይመለከተዋል። «አባቶቻችን ያለ ሴንሰር ነድተው የለምን? ዐይንና እግር ይበቃል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን የዛሬው ራዲያል ጎማ ነፋሱ በሩብ ቢጎድል እንኳ ቆሞ ሲታይ ከሙሉው ጎማ ብዙ አይለይም፤ በዐይን አይቶ ደኅና ነው ማለት ልማድ እንጂ ልኬት አይደለም።

በአገራችን ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ፤ እርሱም የመሬታችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች በዙሪያዋ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በ3 ተኩል ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ያንሳል። ብዙዎቹ ሴንሰሮች የሚለኩት በጎማው ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ግፊት ነው፤ መኪናው ከዚህ ላይ የውጭውን አየር ግፊት ቀንሶ የቀረውን ለነጂው ያሳያል። ይህን ቅናሽ በባሕር ጠለል ልክ የሚያስበው መኪና በአዲስ አበባ ሲሆን ስሌቱ ይሳሳትበታል፤ የጎሚስታው መለኪያ 32 ሲል ዳሽቦርዱ 28 ተኩል ይላል። እዚህ ላይ ባለመኪናው ጎሚስታውን ይጠረጥራል፤ ጎሚስታው ሴንሰሩን ይጠረጥራል፤ ሁለቱም ግን ንጹሓን ናቸው። ወደ ቆላ የወረደም ሰው እንዲሁ ነው። ከፍታው ሲቀንስ በእጅ መለኪያ የሚታየው ቁጥር ይወርዳል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ በየ10 ዲግሪው አንድ ተኩል ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይወጣል። ቀን አንዱ ሌላውን ያካክሰውና፣ ሌሊት ቆላው ሲቀዘቅዝ ማለዳ ላይ መብራቱ ቢበራ አያስደንቅም። ይህን የማያውቅ ሻጭ ደኅናውን ሴንሰር አውጥቶ ሌላ ይሸጣል።

አሁን ቸርኬ ከተለወጠ በኋላ መብራት በበራ ጊዜ ጥፋቱ ከወዴት እንዳለ እንዴት እንደሚለይ እንመልከት። ከሁሉ አስቀድሞ በነጂው በር ማዕዘን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቦ፣ ጎማው ሳይሞቅ በማለዳ ነፋሱን በእጅ መለኪያ መለካት ነው። ይህ በጣም ቀላል ነገር ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው፤ መብራቱ እውነቱን ሲናገር «ተበላሽቷል» የሚባልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በተለይም አዲሱ ቸርኬ የቫልቩ ማሸጊያ ሳይለወጥለት ከተገጠመ በቀስታ የሚያፈስ ይሆናል፤ መብራቱም ያንኑ ያመለክታል።

ነፋሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ መብራቱ ከበራ ግን አበራሩን ማስተዋል ያስፈልጋል። ሞተሩ ሲነሣ ወዲያው በርቶ ሳይርገበገብ የሚቆይ መብራት ስለ ነፋስ ጉድለት የሚናገር ነው። ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ሲርገበገብ ቆይቶ ከዚያ በኋላ ረግቶ የሚበራ ከሆነ ግን መኪናው «ሴንሰሮቼን አላገኘሁም» ማለቱ ነው። በአሜሪካው ሕግ መሠረት የተሠሩ መኪናዎችና ሌሎችም ብዙዎች ይህን ልዩነት ያሳያሉ። አንድ ጎሚስታ ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢያውቅ የደንበኛውን ግማሽ ምልልስ ያስቀርለታል።

ቀጥሎ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ይህ መኪና በእርግጥ በጎማው ውስጥ ሴንሰር አለውን? የሚለው ነው። አንዳንድ መኪናዎች በጎማው ውስጥ ምንም ዕቃ የላቸውም፤ የፍሬኑ ኮምፒዩተር የአራቱን ጎማዎች ዙር እያነጻጸረ፣ ነፋሱ የጎደለው ጎማ ዙሪያው ስለሚያጥር ቶሎ ቶሎ እንደሚዞር አይቶ ያስጠነቅቃል። እንዲህ ባለው መኪና ላይ ሴንሰር መሸጥ ገንዘብ መውሰድ ብቻ ነው። ጎማው ከተለወጠና ነፋሱ ከተስተካከለ በኋላ በመመሪያው መጽሐፍ በተጻፈው መሠረት ማስጀመሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ጥቂት መንዳት ይበቃል። ይህ ቁልፍ ግን ነፋሱ ሳይስተካከል ከተጫኑት መኪናው የጎደለውን መጠን እንደ ትክክለኛ አድርጎ ይመዘግበዋል፤ መብራቱ ይጠፋል፤ ጉድለቱ ይቀራል። መብራት ለማጥፋት ብቻ የሚጣደፍ ሰው ደንበኛውን የሚጎዳው በዚህ ነው።

በጎማው ውስጥ ሴንሰር ያለው መኪና ከሆነ ነገሩ ይሰፋል። እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ መኪናውም በማኅደሩ ውስጥ የመዘገባቸውን ቁጥሮች ብቻ ይሰማል። የጎረቤት መኪና አጠገብ ቆሞ ቢያልፍ ያንን አይሰማም። እንግዲህ ቸርኬ ሲለወጥ አሮጌዎቹ ሴንሰሮች ከአሮጌው ቸርኬ ጋር ይሄዳሉ፤ አዲሶቹ ቢኖሩም መኪናው አያውቃቸውም። ይህ ዋነኛው ምክንያት ነው። መድኀኒቱም ወይ አሮጌዎቹን ሴንሰሮች ፈትቶ ወደ አዲሱ ቸርኬ ማዛወር፣ ወይም የአዲሶቹን ቁጥሮች በመኪናው ውስጥ ማስመዝገብ ነው።

የማስመዝገቡ መንገድ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል። አንዳንዶቹ መኪናዎች 10 ወይም 20 ደቂቃ ያህል ሲነዱ ራሳቸው አዲሶቹን ይለምዳሉ፤ ሴንሰሩ ባትሪውን ለመቆጠብ መኪናው ቆሞ ሳለ ስለሚተኛና ሲዞር ስለሚነቃ፣ በጎሚስታው በር ላይ ቆሞ መብራቱ እስኪጠፋ መጠበቅ ከንቱ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ቆመው ሳሉ በአንድ የእጅ መሣሪያ ሴንሰሩን እየቀሰቀሱ ማስመዝገብን ይፈልጋሉ፤ በአንዳንድ የጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች ከግራ የፊት ጎማ ተጀምሮ ወደ ቀኝ የፊት፣ ከዚያም ወደ ቀኝ የኋላ፣ በመጨረሻም ወደ ግራ የኋላ ይኬዳል፤ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ መኪናው ክላክስ አሰምቶ ተቀብያለሁ ይላል። በከተማችን እጅግ የበዛው ቶዮታ ግን በብዙዎቹ ሞዴሎቹ ቁጥሮቹን የሚቀበለው ከመሪው ሥር ባለው የመመርመሪያ ሶኬት በኩል ነው። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ያለው ማስጀመሪያ ቁልፍ የነፋሱን መነሻ ልክ ያስተካክላል እንጂ አዲስ ሴንሰር አይመዘግብም፤ ይህን ሳያውቁ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን በየጋራዡ የሚታይ ልማድ ነው።

ከዚህም ሌላ የሬዲዮ ሞገዱ ጉዳይ አለ። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪናዎች ሴንሰራቸው በ315 ሜጋኸርዝ ይናገራል፤ ለአውሮፓና ለቻይና ገበያ የተሠሩት በአብዛኛው በ433.92 ሜጋኸርዝ ይናገራሉ። ከአሜሪካ ተነሥቶ በዱባይ አልፎ የመጣ ያገለገለ መኪና፣ ከአውሮፓ በመጣ ቸርኬ ውስጥ ያለውን ሴንሰር መስማት አይችልም። ቸርኬው ልኩ ነው፤ ቡሎኑ ይገጥማል፤ ሴንሰሩም ሕያው ነው፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቋንቋ አይናገርም። ይህን ልዩነት በዐይን ማየት አይቻልም፤ በሴንሰሩ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ቁጥር በቀር የሚነግር የለም። አንዳንድ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪናዎችማ ከሁለቱም ወጥተው በብሉቱዝ የሚሠራ ሴንሰር ይዘዋል።

የባትሪው ነገር ደግሞ ነጋዴውን በቀጥታ የሚመለከት ነው። በሴንሰሩ ውስጥ ያለው ባትሪ በሙጫ ስለ ታሸገ አይለወጥም፤ ዕድሜውም ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። ስለዚህ 9 ዓመት ካገለገለ መኪና የወለቀ ቸርኬ «ከነሴንሰሩ ነው» ተብሎ በተጨማሪ ዋጋ ሲሸጥ፣ ገዢው ገንዘብ የሚከፍለው ምናልባት ጥቂት ወራት ብቻ ለቀሩት ዕቃ ነው። ሻጩ በተንኮል እንዲህ ያደርጋል ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ እርሱም አያውቅም። ነገር ግን የማያውቀውን ዕቃ በዋጋ ላይ ጨምሮ የሸጠ ሰው አላወቅሁም ብሎ ሊያመልጥ አይገባውም። መሣሪያ ያለው ባለሙያ ሴንሰሩን ቀስቅሶ ቁጥሩን፣ ግፊቱንና ብዙ ጊዜም የባትሪውን ሁኔታ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊያነብ ይችላል።

ስለ ጎሚስታው እጅም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው በሚላቀቅበት ጊዜ ማሽኑ ከቫልቩ ተቃራኒ ወገን ሊጫን ይገባዋል፤ በቫልቩ በኩል ከተጫነ ሴንሰሩ ይሰበራል። ሴንሰሩ የታሰረበት ቫልቭ አልሙኒየም በሚሆንበት ጊዜ በውስጡ ተራ የነሐስ ልብ ከተከተተበት ሁለቱ ብረቶች እርስ በርሳቸው ይበላሉና ተጣብቆ ይቀራል፤ በኒኬል የተለበጠውን መጠቀም ያሻል። የተበሳ ጎማ ለመድፈን የሚፈስሰው ፈሳሽም የሴንሰሩን ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ የሚያስከትሉት ጠብ ግን ትልቅ ነው።

ወደ ንግዱ እንመለስ። መብራቱን በአግባቡ ማጥፋት ያቃተው ሰው በሌላ መንገድ ሲያጠፋው ይታያል። አንዱ በመብራቱ ላይ ጥቁር ፕላስተር ይለጥፋል። ሌላው ከዚህ የባሰ ዘዴ አለው፤ አራቱን ሴንሰሮች በአንድ የፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ አድርጎ፣ ነፋስ ሞልቶ አሽጎ፣ በመኪናው ዕቃ መጫኛ ሥር ያስቀምጣል። መኪናውም አራቱ ሴንሰሮች ሁልጊዜ ሙሉ ነፋስ እንዳለ ስለሚነግሩት መብራቱን ያጠፋል፤ ጎማዎቹ ግን ቢፈነዱ እንኳ የሚናገርላቸው የለም። ይህ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ብልሃት እየተባለ ሲወደስም ይሰማል። ብልሃትነቱ ለማን እንደ ሆነ ግን መጠየቅ ይገባል። ያ መኪና ነገ ይሸጣል፤ አዲሱ ባለቤት ዳሽቦርዱ ንጹሕ መሆኑን አይቶ ልጆቹን አሳፍሮ ይወጣል፤ ከወንበሩ ኋላ የታሸገው ቧንቧ ስለ መኖሩ ምንም አያውቅም። ሚዛን አጉድሎ የሚሸጥ ነጋዴ ስሙ በገበያ ሲጠፋ፣ ይህን የሠራ ሰው ስሙ ሊመሰገን የሚችልበት ምክንያት የለም።

ነጋዴው ወገን የሚያቀርበው ምክንያት አለ፤ ምክንያቱም ከንቱ አይደለም። መመርመሪያው መሣሪያ ከውጭ አገር የሚመጣ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ማንኛውም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲተመን ዋጋው ከፍ ብሏል። በየመንገዱ ዳር በአንድ የነፋስ ማሽንና በሁለት ክሪክ የሚሠራ ጎሚስታ ይህን መሣሪያ ግዛ ቢባል አቅሙ አይፈቅድለትም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መሣሪያው የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ሱቅ አይደለም፤ በአንድ ሰፈር ያሉ አምስት ስድስት ጎሚስታዎች በማኅበር ገዝተው በየተራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ሴንሰሩን የሚያስመጣውም ነጋዴ መሣሪያውን በመደብሩ አስቀምጦ ከእርሱ የተገዛውን ሴንሰር ሊያስመዘግብ ይችላል። ለሥራውም የተለየ ዋጋ በግልጽ ይጠይቅ፤ ደንበኛው የሚያማርረው ስለ ተጠየቀ ሳይሆን ሳይነገረው ስለ ቀረ ነው።

መሣሪያ የሌለውም ቢሆን ብዕርና ወረቀት አያጣም። አዲስ ሴንሰር በቸርኬው ውስጥ ከመታሰሩ በፊት በጀርባው ላይ የታተመውን መለያ ቁጥርና የሞገዱን ቁጥር ማንበብና የትኛው በየትኛው ጎማ እንደ ገባ መጻፍ ይቻላል። ይህ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። ያልተጻፈ እንደ ሆነ ግን ኋላ ቁጥሩን በእጅ ማስገባት የሚጠይቅ መኪና ሲመጣ፣ መሣሪያ ከሌለ ጎማው ሁሉ እንደ ገና መውለቅ አለበት፤ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት፣ ለዚያውም ያለ ዋጋ። የንግድ ቤቶች ፋይል የሚይዙት ለግብር ብቻ መሆን የለበትም። የደንበኛው ስም፣ የሰሌዳው ቁጥር፣ የአራቱ ሴንሰሮች ቁጥር በአንድ ገጽ ላይ ከሰፈረ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱ ሴንሰር ቢሞት ደንበኛው የሚመለሰው ወረቀቱ ወዳለበት ቤት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴዎች ያልተጠቀሙበት አንድ ነገር አለ። ዛሬ በገበያ ላይ ቁጥራቸው በመሣሪያ የሚጻፍ ሴንሰሮች ይገኛሉ። የአሮጌው ሴንሰር ቁጥር ተነቦ በአዲሱ ላይ ቢገለበጥ መኪናው ለውጡን ሳያውቀው እንደ ቀድሞው ይሠራል፤ ምንም ማስመዝገብ አያስፈልግም። ሁለት ዓይነት ጎማ ላለው ሰው፣ ለምሳሌ ለከተማና ለገጠር መንገድ የተለያየ ለሚያስገጥም፣ ይህ ትልቅ ምቾት ነው። ነገር ግን አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት ሴንሰሮች በአንድ ጊዜ በመኪናው አጠገብ ሊገኙ አይገባም፤ የወለቁትን ጎማዎች በዚያው መኪና ጭኖ ወደ ቤት የሚሄድ ሰው መኪናውን ያደናግረዋል።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን ካስታወቀ ወዲህ፣ ከቻይና የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በጎዳናው ላይ በዝተዋል። እነዚህ መኪናዎች በባትሪያቸው ምክንያት ከባድ ስለ ሆኑ ለጎማው ነፋስ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ሴንሰራቸውም ከአሜሪካኖቹ ቶዮታዎች ጋር አይስማማም። በመጋዘኑ ውስጥ የ315 ሜጋኸርዝ ሴንሰር ያከማቸ አስመጪ ገበያው ወዴት እንደሚሄድ አሁኑኑ ሊያስብበት ይገባል። አዲስ ዕቃ የሚያዝዝም ሰው ለላኪው «የጎማ ሴንሰር» ብሎ ብቻ ሳይጽፍ፣ ለየትኛው መኪና፣ ለየትኛው ገበያና ለየትኛው ዓመት እንደ ሆነ፣ ከሞገዱ ቁጥር ጋር በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ ሊዘረዝር ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሚመጣለት በላኪው መጋዘን የተረፈው ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነው ባለመኪናው አሮጌ ቸርኬዎቹን በሚሸጥበት ጊዜ ነው። አዲሱን ሲገዛ አሮጌውን ለዚያው ነጋዴ በዋጋ ልዩነት ያስረክባል፤ በውስጡ አራት ደኅና ሴንሰሮች እንዳሉ አያውቅም፤ ነጋዴውም አይነግረውም። በማግስቱ መብራቱ ሲበራበት ወደዚያው ሱቅ ተመልሶ የራሱን ሴንሰር በአዲስ ዋጋ ይገዛል። ይህን ለማስቀረት አሮጌው ቸርኬ ከመረከቡ በፊት «ሴንሰሮቹ ይዛወሩልዎት ወይስ ከቸርኬው ጋር ይሸጡልን?» ብሎ መጠየቅና ደንበኛው የመረጠውን በደረሰኙ ላይ መጻፍ ይበቃል። በትልልቆቹ የመስክ መኪናዎች ደግሞ አምስተኛ ሴንሰር በትርፍ ጎማው ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ አራቱ ተዛውረው መብራቱ ገና ከበራ ከመኪናው ኋላ የተሰቀለውን ወይም ከሥሩ የታሰረውን ትርፍ ጎማ አውርዶ መለካት ነው፤ ገና ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ነፋስ ያልተጨመረበት ሆኖ ይገኝ ይሆናል።